ከብሎን ተነስቶ በቧንቧ የከበረው ቤተሰብ

የአሜሪካዋ ዲትሮይት ከተማ ከንቲባዋን የምታኖርበት አንድ ትልቅ ቤት አላት። ቤቱ ከወንዝ ዳር፣ ካናዳን ፊት ለፊት እያየ የቆመ፣ በስፓኝ ቤቶች አምሳያ የተሠራ ነው። የከተማው ሰው የማኑጊያን ቤት ይለዋል። ስሙን የሰማ እንግዳ፣ ማኑጊያን የሚባል ከንቲባ ወይም የጦር አለቃ ነበረ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሰውዬው ግን ከንቲባም የጦር አለቃም አልነበሩም። ብሎን አምራች ነበሩ።

ቤቱ የተሠራው በ1928 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ዲትሮይት በመኪና ፋብሪካ ገንዘብ ሰክራ የነበረችበት ጊዜ ስለሆነ ወደ 300 ሺህ ዶላር ፈሰሰበት። በዓመቱ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ተንኮታኮተ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የኢኮኖሚ ድቀት ብዙ የዲትሮይት ባለሀብት አልተሻገረውም። በ1939 ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ቤት ለሐራጅ ሲቀርብ 25 ሺህ ዶላር ብቻ አወጣ። የወጣበትን ከአሥራ ሁለት አንድ እጅ ማለት ነው። ሐራጅ የሚከታተል አንባቢ እንዲህ ያለው ዕድል በሕይወት ዘመን ስንት ጊዜ እንደሚገኝ ያውቀዋል። ዕድሉ ሲመጣ ግን በኪስ ገንዘብ መኖር አለበት፤ በዚያ ዘመን በዲትሮይት ገንዘብ በኪሱ የነበረው ሰው ጥቂት ነበር። ካላቸው አንዱ የሠላሳ ስምንት ዓመቱ አርመናዊ ስደተኛ አሌክስ ማኑጊያን ነበሩ። ቤተሰባቸውን አኖሩበት፣ ልጆቻቸውን አሳደጉበት። በ1966 ደግሞ ቤቱን ለከተማው በስጦታ አስረከቡት።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ይህ ገጽ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ይኸው ነው።

ከካሳባ እስከ ዲትሮይት

አሌክስ ማኑጊያን የተወለዱት በ1901 ነው። የትውልድ ቦታቸው ካሳባ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ሰምርኔስ ከሚላት ከዛሬዋ ኢዝሚር ወደብ ጀርባ የምትገኝ የገበያ ከተማ ነበረች። አገሩ ያኔ የኦቶማን ቱርክ ግዛት ነው። ከ1915 ጀምሮ በአርመኖች ላይ የወረደው እልቂት ይታወቃል፤ ዝርዝሩን እዚህ መድገም አያስፈልግም። ወጣቱ በ1920፣ ገና በ19 ዓመታቸው፣ መርከብ ተሳፍረው አሜሪካ ገቡ። ሁለት ሻንጣና ሃምሳ ዶላር ይዘው እንደወረዱ ይነገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰምርኔስ ተቃጠለች፤ የአርመኑና የግሪኩ ሰፈር አመድ ሆነ። መመለሻ የሚባል ነገር አልቀረም።

መጀመሪያ የተቀመጡት ብሪጅፖርት በምትባል የኮነቲከት የፋብሪካ ከተማ ነው። እዚያ በብረታ ብረት ሥራ እጃቸውን አፈታቱ። በ1924 ወደ ዲትሮይት ተሻገሩ።

ይህ 1924 ለእኛም የማያስረሳ ዓመት ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም ላይ ከእልቂቱ የተረፉ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው፣ አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው በዚያው ዓመት ነበር። "አርባ ልጆች" የተባሉት እነሱ ናቸው፤ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። ከአንድ እሳት የወጣ ትውልድ እንዲህ ተበተነ። ገሚሱ አዲስ አበባ ላይ መለከት ሲነፋ፣ ገሚሱ ዲትሮይት ላይ ቶርኖ ፊት ቆመ።

ሦስት ስም፣ አንድ ባለቤት

በ1929 ማኑጊያን ከሁለት ባልደረቦች ጋር ትንሽ የብሎን ማምረቻ ከፈቱ። አንደኛው ሃሪ አጄሚያን፣ ሁለተኛው ቻርልስ ሳውንደርስ ይባላሉ። የሦስቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ወስደው፣ "ኩባንያ" የሚለውን ጨምረው ማስኮ አሉት። ዓመቱ መቼም የሥራ መጀመሪያ ዓመት አልነበረም፤ ገበያው የተንኮታኮተው በዚሁ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ሁለቱ ሸሪኮች ዓመት ሳይሞላ ለቀቁ። ስሙ ግን አልተቀየረም። ማስኮ ዛሬም የሦስት ሰዎችን ስም ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሁለቱ ግን ካፈሰሱት ላብ በላይ አልበሉበትም።

የመጀመሪያው ትልቅ ትዕዛዝ የመጣው ሃድሰን ከሚባለው የመኪና ፋብሪካ ነው፤ 7 ሺህ ዶላር። በዚያ ክፉ ቀን 7 ሺህ ዶላር የፋብሪካውን በር ክፍት ያቆየ ገንዘብ ነበር።

አንባቢ ሥራውን በደንብ እንዲረዳው ትንሽ ላብራራ። ቶርኖ ቤት የገባ ሁሉ እንደሚያውቀው ረጅም የብረት ዘንግ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፤ ማሽኑ ያሽከረክረዋል፤ ስለቱ ይላጨዋል፤ ጥርስ ያወጣለታል፤ ቆርጦ ይጥለዋል። ማስኮ የነበሩት ማሽኖች ይህን በራሳቸው ደጋግመው የሚሠሩ ነበሩ። ከአንድ ዘንግ መቶ፣ ከአንድ ቀን ሥራ ብዙ ሺህ ፍሬ ይወጣል። ትርፉ በፍሬ ቢቆጠር ከሳንቲም በታች ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚያተርፍ ሰው ብረት የማያባክን፣ ማሽን የማያቆም፣ ስለት በጊዜው የሚቀይር ሰው ነው። ማኑጊያን ከማሽን ጋር ያደጉ በመሆናቸው በዚህ አይታሙም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ብሎኑን የሚገዛው አንድ ሁለት ግዙፍ መኪና አምራች ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው ገዢው፣ ልኩን የሚሰጠው ገዢው፣ ትዕዛዙን የሚሰርዘውም ገዢው ነው። የመኪና ሽያጭ ሲያስነጥስ ብሎን አምራቹ አልጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ነጋዴ ፋብሪካ ቢኖረውም ገበያ የለውም፤ ያለው ደንበኛ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል ይመስላል። ማኑጊያን ከዚህ ለመውጣት ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል።

በ1936 ኩባንያው አክሲዮኑን ለሕዝብ አቅርቦ በዲትሮይት የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። ሰባት ዓመት ያልሞላው የስደተኛ ወርክሾፕ ይህን ማድረጉ ድፍረት ነው። ብዙ የቤተሰብ ነጋዴ የሂሳብ መዝገቡን ለወንድሙ እንኳን ማሳየት አይወድም፤ ማኑጊያን ግን ለማያውቁት ባለአክሲዮን አሳዩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ለጦር መሣሪያና ለተሽከርካሪ የሚሆን መለዋወጫ ሲፈለግ ማሽኖቹ ቀንና ሌሊት ሠሩ፤ በ1942 ሽያጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። የጦርነት ገበያ ግን የጦርነት ገበያ ነው። ሰላም ሲሆን ያው መኪና አምራቾቹ ደጃፍ ተመለሱ።

ባለ አንድ እጀታው

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ገባን።

በድሮው ቧንቧ አንዱ እጀታ ለሙቅ፣ አንዱ ለቀዝቃዛ ነው። ውሃውን የሚዘጋው በብሎን ተጭኖ የሚወርድ ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው በተዘጋና በተከፈተ ቁጥር ይደፈጠጣል፤ ሲያረጅ ውሃ ማንጠብጠብ ይጀምራል፤ ባለቤቱ እጀታውን ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ጎሚኒው ይበልጥ ይበላል። የቧንቧ ሠራተኛ እንጀራ የሚበላው በዚህ ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳውም ጠብታ ከዚሁ ይመጣል።

ላንዲስ ፔሪ የሚባል አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ለዚህ ሌላ መላ ዘየደ። ጎሚኒውን የሚጨፈልቀውን ብሎን አስወገደና ቦታው ላይ ቀዳዳ ያለው ኳስ አስቀመጠ። ኳሱ ላይ አንድ እጀታ ተተከለ። እጀታው ወደ ላይ ሲነሳ ውሃ ይመጣል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይዘጋል፣ ወደ ግራና ቀኝ ሲዞር ሙቁና ቀዝቃዛው ይመጣጠናል። አንድ እጅ በቂ ነው። ሊጥ ያቦካች ሴት በክርኗ ትከፍተዋለች።

ሐሳቡ ጥሩ፣ ዕቃው ግን መጥፎ ነበር። መጀመሪያ የተሠራው ያንጠባጥብ ስለነበር የቧንቧ ዕቃ ነጋዴዎች ፊት ነሱት። ማኑጊያን ጋ የደረሰው እንዲሁ በመለዋወጫ ትዕዛዝ በኩል ነው። አንድ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ለዚህ ቧንቧ የሚሆን ክፍል እንዲሠሩለት አዘዛቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ክፍሉን ሠርቶ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ዕቃው ገበያ ላይ ሲወድቅ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። ማኑጊያን ግን ዕቃውን ፈታተው አዩት። የጎደለው የልክ ትክክለኛነት መሆኑን ተረዱ። ልክ ደግሞ የሃያ አምስት ዓመት ሙያቸው ነበር፤ ለመኪና ሞተር ክፍል ሲሠሩ የኖሩ እጆች ለኩሽና ኳስ አያቅታቸውም። የመሥራት መብቱን ገዙ፣ ዕቃውን እንደገና ነደፉት።

ነባሮቹ የቧንቧ ኩባንያዎች ግን አልፈለጉትም። ሰው ሁለት እጀታ ለምዷል፣ ለምን ይለውጣል ነው ነገሩ። ስለዚህ ማኑጊያን በ1954 ራሳቸው አምርተው ራሳቸው ለመሸጥ ወሰኑ። ከዕቃው ክፍሎች የአንዱ ቅርጽ የግሪኩን ፊደል ዴልታን ስለሚመስል ስሙን ዴልታ አሉት።

የዓመቱን ነገር ልብ ይሏል። በዚያው በ1954 የመጀመሪያውን 7 ሺህ ዶላር የሰጣቸው ሃድሰን ብቻውን መቆም አቅቶት ናሽ ከሚባለው ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሃድሰን የሚባል መኪና መመረቱ ቀረ። ማስኮ ብሎን ብቻ እየቆረጠ፣ የመኪና አምራች ደጃፍ ቆሞ ቢቀር ኖሮ ከደንበኞቹ ጋር አብሮ በወረደ ነበር፤ በዲትሮይት እንዲህ የወረደው ትንሽ ፋብሪካ ብዛቱ አይነገርም።

ገበያውም አመቺ ነበር። ከጦርነቱ የተመለሰው አሜሪካዊ ከከተማ ዳር አዲስ ቤት እያሠራ ነበር። እያንዳንዱ ቤት ኩሽና አለው፤ እያንዳንዱ ኩሽና ቧንቧ ይፈልጋል። ደግሞም የመኪናን ያህል አይደለም፤ አንድ ሰው ሥራ ቢያጣ መኪና መግዛቱን ያዘገያል፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ግን ነገ ይባላል እንጂ ለከርሞ አይባልም። በ1958 የዴልታ ሽያጭ ብቻውን አንድ ሚሊዮን ዶላር አለፈ። በ1959 ለዴልታ ብቻ የሚሆን ፋብሪካ ኢንዲያና ግዛት ውስጥ ግሪንስበርግ በምትባል ከተማ ተከፈተ። የኩባንያው ስም ራሱ በ1961 ሲቀየር "ብሎን" የሚለው ቃል ወጣለት፤ ማስኮ ኮርፖሬሽን ተባለ።

በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ የቤተሰቡ ሀብት የተወለደው በ1929 ሳይሆን እዚህ ላይ ነው። ያው ብረት፣ ያው ማሽን፣ ያው ሠራተኛ፤ የተለወጠው ዋጋውን የሚቆርጠው ሰው ነው።

ልጅየው

ሪቻርድ ማኑጊያን በ1936 ተወለዱ፤ ማለትም ኩባንያው አክሲዮን በሸጠበት ዓመት። የል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1958 አባታቸው ጋ ገቡ፤ በ1968 ፕሬዚዳንት ሆኑ። አባት የማሽን ሰው ነበሩ፣ ልጅ የመግዛት ሰው ናቸው። አንድ ኩባንያ ይገዛሉ፣ ነባሩን ሥራ አስኪያጅ በቦታው ይተዉታል፣ ገንዘብ ይሰጡታል፣ ወደ ሚቀጥለው ግዥ ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ የኩሽና ካቢኔት ሠሪዎችን ያዙ፤ ሐንስግሮሄ የተባለው የጀርመን የቧንቧ ኩባንያ ውስጥ በ1985 ድርሻ ገቡ። ለአሥርተ ዓመታት ትርፉ ከዓመት ዓመት ሳይወርድ ስለወጣ የዎል ስትሪት ሰዎች ማስኮን እንደ ሰዓት ይቆጥሩት ጀመር።

በ1984 የመኪና ዕቃ ማምረቻዎቹን ለብቻ ለይተው ሌላ ኩባንያ አደረጓቸው። አባት የጀመሩት የብሎን ሥራ ከቤት የወጣው ያኔ ነው። ያ የተለየው ኩባንያ በ2000 ለሌሎች ባለሀብቶች ተሸጠ።

ሰዓቱ የተዛነፈው የቤት ዕቃ ላይ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሪቻርድ እንዲህ አሰቡ፦ ቧንቧውን እኛ እንሸጣለን፣ ካቢኔቱን እኛ እንሸጣለን፣ ወንበሩንና አልጋውንስ ለምን አንሸጥም? የአሜሪካ የቤት ዕቃ ኢንዱስትሪ በሰሜን ካሮላይና በተበታተኑ የቤተሰብ ፋብሪካዎች እጅ ነበር፤ ሰብሰብ አድርጎ የሚመራው ሰው ያጣ መሰላቸው። ሄንሬደንን፣ ድሬክሰል ሄሪቴጅን፣ ሌክሲንግተንን፣ ዩኒቨርሳልን ተራ በተራ ገዙ። ማስኮ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከዓለም ትልልቅ የቤት ዕቃ አምራቾች አንዱ ሆነ።

ነገር ግን ሶፋ ቧንቧ አይደለም። ቧንቧ የሚቆጠር ዓይነት አለው፤ ሻጋታው ከተሠራ በኋላ በሚሊዮን ይመታል። ሶፋ በጨርቁ ዓይነት፣ በቀለሙ፣ በእግሩ፣ በትራሱ መቶ ዓይነት ነው፤ ፋሽኑ ይቀየራል፤ መጋዘን ይሞላል፤ ማመላለሻው ይበላል። አባት ከብሎን ወደ ቧንቧ ሲሻገሩ የተሸከሙት ሙያ ነበር፤ ልጅ ከቧንቧ ወደ ሶፋ ሲሻገሩ የተሸከሙት ገንዘብ ብቻ ነው። ማስኮ አሥር ዓመት ታገለ። በ1996 የቤት ዕቃውን ክፍል በሙሉ ወደ 1.1 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሸጦ ወጣ፤ ካፈሰሰበት በእጅጉ ያነሰ ነበር።

ለሪቻርድ ክብር መባል ያለበት ነገር ቢኖር መውጣታቸው ነው። ኪሳራ ያለበትን ዘርፍ ለክብር ሲል ተሸክሞ ሌላውን ጤነኛ ዘርፍ የሚያስበላ ነጋዴ በየአገሩ አለ። ሪቻርድ ኪሳራውን በመዝገብ ጽፈው ወደሚያውቁት ተመለሱ፤ በ1999 ቤር የተባለውን የቀለም ፋብሪካ ገዙ። ቀለም እንደ ቧንቧ ነው፤ የሚቆጠር ዓይነት አለው፣ ቤቱን የሚያድስ ሁሉ ይገዛዋል።

አባት አሌክስ ይህን መመለስ እስከ መጨረሻው አላዩም። የቤት ዕቃው በተሸጠበት ዓመት፣ በሐምሌ 1996፣ በ95 ዓመታቸው አረፉ።

የስጦታው ሂሳብ

እስካሁን ያወራነው ስለ ገቢው ነው። ወጪው የራሱ ታሪክ አለው።

የአርመን አጠቃላይ በጎ አድራጎት ማኅበር በ1906 ካይሮ ላይ የተቋቋመ ነው። መሥራቹ ቦጎስ ኑባር ፓሻ፣ የግብጽ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩ የአንድ አርመናዊ ልጅ ናቸው። ከ1915 በኋላ ማኅበሩ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ፣ ትምህርት ቤት፣ የሕክምና ጣቢያ ሆኖ በየአገሩ ለተበተነው አርመን መንግሥት የሌለው መንግሥት ሆነ። አሌክስ ማኑጊያን በ1953 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ዴልታ ከመወለዱ አንድ ዓመት በፊት ማለት ነው። እስከ 1989 ድረስ ሠላሳ ስድስት ዓመት መሩት።

የአሰጣጣቸው ዘዴ ከንግዳቸው ጋር ይመሳሰላል። ለተራበ እጅ መዘርጋት መልካም ነው፤ ነገር ግን ነገም ያው እጅ ይዘረጋል። ማኑጊያን የሚወዱት ሕንፃና ቋሚ ገንዘብ ነበር፤ ዋናው ሳይነካ ወለዱ እየተበላ የሚኖር። ዲትሮይት አጠገብ ሳውዝፊልድ በ1969 የተከፈተው ትምህርት ቤት በእሳቸውና በባለቤታቸው በማሪ ስም ይጠራል። ሎስ አንጀለስም ሞንትሪያልም ስማቸውን የያዘ የአርመን ትምህርት ቤት አለ። በትምህርት ቤቶቹ የአባቶች ቋንቋ አርመንኛ ይሰጣል። ቋንቋው አሜሪካ ውስጥ በሁለት ትውልድ እንደሚጠፋ ያውቁ ስለነበር ገንዘቡን እዚያ ላይ አዋሉት።

በየግድግዳው ላይ ስማቸው መጻፉ ለአንዳንዱ ሰው ደስ አይለውም። ግራ እጅህ ቀኝ እጅህ የሚሰጠውን አይወቅ የሚለውን ቃል የሚያስታውስ አንባቢም ይኖራል። አባባሉ ትክክል ነው። ስሙን የጻፈ ሰው ግን ሕንፃው ሲያረጅ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ስሙም አብሮ እንደሚያፈስ ያውቃልና፣ ዘወር ብሎ ማየቱ አይቀርም። ነጋዴው ይህንንም ሳይቆጥሩት አልቀሩም።

አስገራሚው ስጦታ በሶቪየት አርመኒያ ያለው ነው። ኤችሚያድዚን የአርመን ቤተ ክርስቲያን መንበር ናት። በ1982፣ እግዚአብሔር የለም የሚል መንግሥት በነገሠበት አገር፣ የዲትሮይት ካፒታሊስት ገንዘብ የቤተ ክርስቲያኒቱን ንዋየ ቅድሳት የሚያስቀምጥ ቤተ መዘክር አስከፈተ። ስሙም የአሌክስና የማሪ ማኑጊያን ቤተ መዘክር ነው። በስደት ያሉ አርመኖች በዚያ ዘመን ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ አንዱ ወገን ከሶቪየት አርመኒያ ጋር መነካካት ኮሙኒስትን መደገፍ ነው ይላል፣ ሌላው አገር አገር ነው፣ መንግሥት ያልፋል ይላል። የማኑጊያን ማኅበር ከሁለተኛው ወገን ቆመ። በጊዜው ብዙ ተወቀሰበት። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ግን በሩን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ታየ።

ሴት ልጃቸው

በታኅሣሥ 7 ቀን 1988 ሰሜን አርመኒያን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 25 ሺህ የሚሆን ሰው ገደለ። በዓመቱ፣ በ1989፣ አባትየው ወንበሩን ለሴት ልጃቸው ለሉዊዝ ማኑጊያን ሲሞን ለቀቁ። ወንዱ ልጅ ኩባንያውን፣ ሴቷ ልጅ ማኅበሩን ያዙ፤ አባት ሁለቱንም በሕይወት እያሉ አስረከቡ። ውርስ ፍርድ ቤት የሚያደርሰው ቤተሰብ በበዛበት ዓለም ይህ ራሱ ሊነገር የሚገባው ነው።

ወይዘሮ ሉዊዝ የገጠማቸው ጊዜ ከአባታቸው ጊዜ የከፋ ነበር። አርመኒያ ነፃ ወጣች፣ ወዲያው ከአዘርባጃን ጋር በናጎርኖ ካራባኽ ጦርነት ገጠመች፣ በምሥራቅና በምዕራብ ድንበሯ ተዘጋ። ከ1992 በኋላ በነበሩት ክረምቶች የሬቫን በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ መብራት የምታገኝ፣ ሰው የመናፈሻ ዛፍ ቆርጦ የሚሞቅባት ከተማ ሆነች። እዚህ ላይ የአባት ዘዴ አይሠራም። የራበው ሰው የቋሚ ገንዘብ ወለድ እስኪወልድ አይጠብቅም። ማኅበሩ የሬቫን ላይ ጽሕፈት ቤት ከፍቶ ለአረጋውያን ሾርባ የሚያቀርቡ ቤቶችንና የልጆች ማዕከሎችን አቋቋመ።

የዘለቀውን ነገር ግን አልረሱም። አርመኒያ ለነፃነቷ ድምፅ በሰጠችበት ዕለት፣ በመስከረም 21 ቀን 1991፣ የሬቫን ላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ዋናው ደጋፊ ይኸው ማኅበር፣ አጋሩም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። መብራት በሌለበት ከተማ የምህንድስናና የንግድ አስተዳደር ትምህርት መጀመር እብደት የመሰለው ሰው አልጠፋም። ዩኒቨርሲቲው ዛሬም እየሠራ ነው። በ1993 አርመኒያ ለአባትየው የብሔራዊ ጀግና ማዕረግ ሰጠቻቸው።

ሉዊዝ በ2002 ከፕሬዚዳንትነት ወረዱ፣ በ2019 አረፉ። ከእሳቸው በኋላ ማኅበሩን የሚመራው ከቤተሰቡ ውጭ ያለ ሰው ነው።

ከቤተሰቡ እጅ መውጣቱ ምን እንዳመጣ ሁሉም አይስማማም። ቆጵሮስ ውስጥ ኒቆስያ ላይ መልኮኒያን የሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በ1926 የከፈቱት በግብጽ በትምባሆ ንግድ የከበሩ ሁለት የመልኮኒያን ወንድማማቾች ናቸው፤ ሀብታቸውን ለማኅበሩ የሰጡትም ለወላጅ አልባ አርመኖች ብለው ነው። ማኅበሩ በ2005 ትምህርት ቤቱን ዘጋው። ዘመኑ ተለውጧል፣ ወጪው አይመጣጠንም አለ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ተቃወሙ፣ ጉዳዩንም ፍርድ ቤት አደረሱት። ውሳኔው የቤተሰቡ አልነበረም። ነገር ግን ማኅበሩን እንደ ኩባንያ፣ በሂሳብና በቋሚ ገንዘብ እንዲመራ ያለመዱት ማኑጊያኖች ናቸው፤ በሂሳብ የተመራ ነገር ደግሞ በሂሳብ ይዘጋል። የመልኮኒያን ወንድማማቾች ቢጠየቁ ምን ይሉ እንደነበር ለአንባቢ እተዋለሁ።

ዛሬ

ሪቻርድ ማኑጊያን በ2007 ዋና ሥራ አስፈጻሚነቱን ለቀው ኩባንያው ከቤተሰቡ ውጭ በሆኑ ሰዎች እጅ ገባ። ማስኮ ዛሬም በኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ የሚገበያይ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ከዲትሮይት ወጣ ብላ በምትገኘው ሊቮኒያ ነው። የ2024 ሽያጩ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። አብዛኛው የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ከቧንቧ ዕቃና ከቀለም። ሶፋ የለበትም።

ዲትሮይት ራሷ በ2013 ኪሳራ አውጃ ፍርድ ቤት ቀረበች። አበዳሪዎች የከተማዋን ንብረት አንድ በአንድ ሲቆጥሩ የሥነ ጥበብ ሙዚየሟ ሥዕሎች ሳይቀሩ ዋጋ ወጥቶላቸው ነበር። ሥዕሎቹ የተረፉት ፋውንዴሽኖች፣ የሚሺጋን ግዛትና ሌሎች ለጋሾች ገንዘብ አዋጥተው ነው። ከወንዙ ዳር ያለው ቤትም አልተሸጠም፤ እስከ ዛሬ የከንቲባው መኖሪያ እንደሆነ አለ።